ጊዜ በሜሞሪ ሲገዛ፦ የከርነል ኔትወርክ ድልደላ ከአሰላ ሲታይ

አሰላ ላይ አንድ ተማሪ በስልኩ ድረ ገጽ ሲከፍት ገጹ የሚደርሰው ተቆራርጦ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ፣ ማለትም ፓኬት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1500 ባይት አይበልጥም። እንዲህ ትንሽ ቢሆንም በሚያልፍበት ኮምፒዩተር ሁሉ ለአፍታ የሚያርፍበት ቦታ ይፈልጋል። ቦታውን የሚሰጠው ከርነል፣ የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው። ፓኬቱ ሲደርስ ሜሞሪ ይደለድልለታል፤ ሲሄድ መልሶ ይረከባል። ይህ በሰከንድ መቶ ጊዜ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም። በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ ሲሆን ግን ማሽኑ ዋና ሥራውን ትቶ ቦታ ሲሰጥና ቦታ ሲቀበል ይውላል።

ይህን ወጪ እንዴት እንቀንስ የሚለው ጥያቄ ከ40 ዓመት በላይ ሲመላለስ ቆይቷል። ስለ ጉዳዩ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የወጣው ግን በሰከንድ 100 ጊጋቢት የሚያስተላልፍ መስመርና በመቶ ጊጋባይት የሚቆጠር ራም ካላቸው ቤቶች ነው። ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ለተቀመጠ ሰው ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እዚህ የሚያጥረው የመስመሩ ስፋትና የመሣሪያው ሜሞሪ ነው፤ የፕሮሰሰሩ ናኖሰከንድ አይደለም። ሆኖም እዚያ የተገኘው መፍትሔ ወደ እኛም ይወርዳል። በኪሳችን ያለው አንድሮይድ ስልክም፣ በካፌ ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት የዋይፋይ ራውተሮች አብዛኞቹም፣ በዓለም ላይ ካሉት ሰርቨሮች የሚበዙትም የሚሠሩት በአንድ ከርነል፣ በሊኑክስ ነው። ስለዚህ በዚህ ዳሰሳ እያንዳንዱን ማሻሻያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ጊዜ ሲያተርፍ ሜሞሪ ምን ያህል አስከፈለ? በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ወሰን ላብጅ። የቴሌኮም ድርጅቶች ትልልቅ ራውተሮች ፓኬት የሚያሳልፉት ለዚሁ በተሠራ ቺፕ ስለሆነ የከርነል ድልደላ ብዙም አይነካቸውም። የከርነሉ ጉዳይ የሚመጣው በመስመሩ ጫፎች ላይ ነው፤ በስልኩ፣ በቤትና በሱቅ ራውተር፣ በፋየርዎል፣ በሰርቨሩ። እኛ በእጃችን የምንነካቸውና ልንለውጣቸው የምንችላቸው ማሽኖችም እነዚሁ ናቸው።

መጀመሪያ ወጪው ምን እንደሆነ በቁጥር እንየው። ሊኑክስ ለእያንዳንዱ ፓኬት ሁለት ነገር ይደለድላል። አንደኛው ስለ ፓኬቱ የሚገልጽ መዝገብ ነው፤ በከርነል ጸሐፊዎች ቋንቋ ኤስኬ-ባፍ ይባላል። ሁለተኛው የፓኬቱ ይዘት የሚቀመጥበት ቋት ነው። በ64 ቢት ማሽን ላይ መዝገቡ በተግባር 256 ባይት ይይዛል። በቋቱ ጫፍ ላይ ደግሞ 320 ባይት የሚሆን ተጨማሪ መረጃ ይለጠፋል፤ ከፊቱም ክፍት ቦታ ይተዋል። እንግዲህ 64 ባይት ብቻ የሆነች ትንሽ ፓኬት ስትመጣ ቋቱ ተጠጋግቶ 512 ባይት ይሆናል፤ ከመዝገቡ ጋር 768። ከይዘቷ 12 እጥፍ ማለት ነው። ይህን እውነተኛ ክብደት ከርነሉ ትሩሳይዝ ይለዋል። ቃሉን አንባቢ ይያዝልኝ፤ ብዙው ነገር ወደ እርሱ ይመለሳል።

የጊዜው ወጪ ደግሞ እንዲህ ነው። 10 ጊጋቢት በሰከንድ በሚያስተላልፍ መስመር ላይ ትንንሾቹ ፓኬቶች ተከታትለው ቢመጡ በሰከንድ 14.88 ሚሊዮን ይደርሳሉ። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ 67.2 ናኖሰከንድ ብቻ ነው። 3 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር በዚህ ጊዜ ውስጥ 200 ያህል ዑደት ይቆጥራል። የሚፈልገው መረጃ ከጎኑ ባለው ፈጣን ካሽ ውስጥ ሳይኖር ቀርቶ ከዋናው ራም ቢያመጣው አንዱ ጉዞ በ2015 ገደማ በነበረ ማሽን 32 ናኖሰከንድ ያህል ይፈጅ ነበር። ሁለት እንዲህ ያለ ጉዞ በጀቱን ጨረሰው። ድልደላ ደግሞ የተበተነ ሜሞሪ መነካካት ስለሆነ እንዲህ ያለውን ጉዞ በብዛት ከሚያመጡት ሥራዎች አንዱ ነው።

የጉዳዩ ታሪክ የሚጀምረው ከሜሞሪ ቁጠባ መሆኑ ደስ ይለኛል። በ1983 የወጣው የበርክሌይ ዩኒክስ፣ 4.2 ቢኤስዲ፣ ለኔትወርኩ ኤምባፍ የሚባል ቁራጭ ቋት ይዞ መጣ። አንዱ 128 ባይት ነበር፤ ከዚህ 112ቱ ለይዘት ይውላል። ትንሽ ፓኬት በአንድ ኤምባፍ ትገባለች፤ ትልቁ እንደ ሰንሰለት በተያያዙ ኤምባፎች ወይም ክላስተር በሚባል ሰፊ ቋት ይቀመጣል። የዚያ ዘመን ማሽን ሜሞሪ ጥቂት ስለነበር ማንም ፓኬት ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይወስድ ታስቦ የተሠራ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ሰንሰለቱን እየተከተለ ማንበብ አለበት። ሊኑክስ በ1990ዎቹ ሲመጣ ሌላውን መንገድ መረጠ፤ ይዘቱን በተቻለ መጠን በአንድ ቀጥ ያለ ቋት አኖረ። ለፕሮሰሰር ይቀላል፤ ቦታ ግን ይፈጃል። የዛሬው ክርክር ፍሬ ነገር በእነዚህ ሁለት ምርጫዎች ውስጥ አስቀድሞ ነበር።

በ1994 የሰን ማይክሮሲስተምስ መሐንዲስ ጄፍ ቦንዊክ ስላብ የተባለውን ደልዳይ አቀረበ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከርነል አንድ ዓይነት መጠንና ቅርጽ ያላቸውን ነገሮች ደጋግሞ ይፈጥራል፤ ያፈርሳልም። ታዲያ ሲፈርሱ ወደ አጠቃላዩ ሜሞሪ ከመመለስ ይልቅ በዓይነት በዓይነታቸው ተከማችተው ለሚቀጥለው ጠያቂ ይጠብቁ። ይህ ሐሳብ ወደ ሊኑክስም ገባ። በ2007 ክሪስቶፍ ላሜተር የጻፈው ስለብ የተባለው ቀለል ያለ ዝርያ ተጨምሮ ብዙም ሳይቆይ የሊኑክስ ነባሪ ደልዳይ ሆነ። ዛሬ በስልኮቻችን ውስጥ የሚሠራው ይኸው ነው።

በመካከሉ ሌላ አደጋ ታወቀ። በ1996 ጄፍሪ ሞጉልና ኬ. ኬ. ራማክሪሽናን እንዳሳዩት፣ ፓኬት ከልክ በላይ ሲጎርፍ ማሽኑ እያንዳንዱን ለመቀበል ሲቋረጥ አንዱንም ሳይጨርስ ይቀራል። ሜሞሪ ደልድሎ፣ ፓኬቱን ግማሽ መንገድ አድርሶ፣ ወረፋው ስለሞላ ይጥለዋል። ድልደላው ሁሉ በከንቱ ይሆናል። ጀማል ሃዲ ሳሊም፣ ሮበርት ኦልሰንና አሌክሲ ኩዝኔትሶቭ በ2001 ያቀረቡት ናፒ የሚባለው ዘዴ ለሊኑክስ መልስ ሰጠ፤ ጎርፍ ሲመጣ ካርዱ ፕሮሰሰሩን ማቋረጥ ያቆማል፣ ከርነሉ ራሱ በተራው እየሄደ በዙር ይቀበላል። መጣል ግድ ከሆነም ትርፉ ድልደላ ከመደረጉ በፊት ካርዱ ላይ ይጣላል። በዚህ ዳሰሳ ካሉት ሥራዎች ሁሉ ለትንሽ ማሽንም ለትልቅ ማሽንም እኩል የጠቀመ ብዬ የማስበው ይህን ነው። ከሞላ ጎደል ሜሞሪ ሳያስከፍል ጊዜ አተረፈ።

ከ2010 በኋላ ግን ፍጥነቱ ከከርነሉ አቅም በላይ ሄደ፤ አንዳንዶችም ከርነሉን ማለፍ ጀመሩ። የፒሳ ዩኒቨርሲቲው ሉዊጂ ሪዞ በ2012 ኔትማፕ በተባለው ሥራው በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራ አንድ የፕሮሰሰር ኮር ብቻውን 14.88 ሚሊዮን ፓኬት በሰከንድ ማስተናገድ እንደሚችል አሳየ። ምሥጢሩ በአብዛኛው ድልደላን ማስቀረት ነበር። ቋቶቹ መጀመሪያ ላይ አንዴ ይደለደላሉ፤ ከዚያ በኋላ ይዘታቸው ብቻ ይቀያየራል። ኢንቴል የጀመረው ዲፒዲኬም በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ እርሱ ግን ካርዱን ከከርነሉ እጅ አውጥቶ ሙሉ በሙሉ ለአንድ ፕሮግራም ይሰጣል፤ ኮሩም ሥራ ኖረም አልኖረ እረፍት የለውም። መብራትና ጄኔሬተር ለሚያሳስበው ቦታ ይህ ጥሩ ምርጫ አይመስለኝም።

የከርነሉ ሰዎች በዚህ ተነኩ። በ2015 መጀመሪያ ኦክላንድ፣ ኒውዚላንድ ላይ በተካሄደ የሊኑክስ ጉባኤ የሬድ ሃቱ የስፐር ዳንጋርድ ብራወር ከላይ ያነሳሁትን የ67.2 ናኖሰከንድ በጀት ይዞ ቀረበ፤ የት የት እንደሚጠፋም ዘረዘረ። በዚያው ዓመት በሊኑክስ 4.3 የጅምላ ድልደላ ገባ፤ መዝገቦችን አንድ በአንድ ከመጠየቅ ይልቅ በርከት አድርጎ መውሰድና በርከት አድርጎ መመለስ። በ2016 በሊኑክስ 4.8 ኤክስዲፒ መጣ፤ ፓኬቱ መዝገብ ሳይከፈትለት ገና ካርዱ ደጃፍ ላይ ሳለ የሚወሰንበት መንገድ ነው። በ2018 በታተመው ጥናት አንድ ኮር በዚህ ዘዴ በሰከንድ 24 ሚሊዮን ፓኬት መጣል ችሏል። በዚያው ዓመት በሊኑክስ 4.18 የገጽ ገንዳ ልበለውና ፔጅ ፑል ተጨመረ።

ፔጅ ፑል የዘመኑ ትልቁ መፍትሔ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የአርሲ ገበሬ ስንዴውን በጆንያ ወደ ገበያ ያወርዳል። ለእያንዳንዱ ኩንታል አዲስ ጆንያ የሚገዛ ሰው ጊዜውም ገንዘቡም ያልቃል፤ ያገለገለውን አራግፎ ጎተራው ጥግ የሚያስቀምጥ ግን በሚቀጥለው ጭነት ወዲያው ይሞላል። ፔጅ ፑል ሁለተኛው ሰው ነው። የኔትወርክ ካርዱ የሚጽፍባቸውን የ4 ኪሎባይት የሜሞሪ ቁራጮች፣ ማለትም ገጾች፣ ወደ አጠቃላዩ ሜሞሪ አይመልስም፤ ለዚያው ካርድ ያስቀራቸዋል። ትልቁ ትርፍ ደግሞ ድልደላው ብቻ አይደለም። ካርዱ በቀጥታ እንዲጽፍበት እያንዳንዱ ገጽ አድራሻው መመዝገብ አለበት፤ ይህ ምዝገባ በአንዳንድ ማሽን ከድልደላው ይብሳል። ገጹ ከገንዳው ካልወጣ ምዝገባው እንደጸና ይቆያል። በ2021 በሊኑክስ 5.14 ደግሞ ተራው የፓኬት መንገድም ገጾቹን ለገንዳው መልሶ እንዲያስረክብ ተደረገ። ቀድሞ የሚሆነው ለኤክስዲፒ ብቻ ነበር።

ጎተራው ግን የሚሞላው በጆንያም ነው። ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ካርድ በእያንዳንዱ የመቀበያ ወረፋው 1024 ገጽ አዘጋጅቶ ቢጠብቅ 4 ሜጋባይት ይሆናል። 16 ወረፋ ያለው ካርድ 64 ሜጋባይት፤ ይህም ገና አንድ ፓኬት ሳይመጣ። 256 ጊጋባይት ራም ላለው ሰርቨር ከቁጥር አይገባም። በየሱቁ ለሚሰቀለው ርካሽ ራውተር ግን የሙሉ ማሽኑ ሜሞሪ 32 ወይም 64 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። በእርግጥ እንዲህ ያለ ራውተር 16 ወረፋ የለውም። ሆኖም ያው ሐሳብ፣ ያው ነባሪ ቁጥር፣ ያው የድራይቨር አጻጻፍ ተቀንሶም ቢሆን ወደ እርሱ ይደርሳል።

ጊዜ በሜሞሪ ሲገዛ የሚደርሰውን አደጋ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው በ2021 መጀመሪያ የታረመው ጉዳይ ነው። ከርነሉ ትንንሽ ቋቶችን ለማፍጠን ሲል 32 ኪሎባይት የሚያህል ተከታታይ ሜሞሪ በአንድ ጊዜ ወስዶ እየቆራረጠ ያድል ነበር። አሠራሩ ፈጣን ነው፤ መቁረጥ ከመደልደል ይቀላልና። ትልቁ ቁራሽ ነጻ የሚወጣው ግን ከእርሱ የተቆረጡት ሁሉ ሲመለሱ ብቻ ነው። አንዲት ትንሽ ፓኬት በአንድ ዘገምተኛ ፕሮግራም ወረፋ ውስጥ ብትቀር 32 ኪሎባይቱን ሙሉ ይዛ ትቀራለች። ሌሎቹ ፓኬቶች ሁሉ ቢሄዱም እርሷ እስካለች ድረስ ቦታው ተይዟል።

ይባስ ብሎ ትሩሳይዝ ይህን አያውቅም ነበር። መዝገቡ የሚያሳየው የተቆረጠላትን ቁራጭ መጠን ነው፤ ይዛ የቀረችውን አይደለም። በጉግል የሚሠራው ኤሪክ ዱማዜ ማረሚያውን ሲያቀርብ ስህተቱ 32 እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል ገልጾ ነበር። ከርነሉ ለአንድ ሶኬት፣ ማለትም ለአንድ የፕሮግራም የኔትወርክ ግንኙነት፣ ይህን ያህል ሜሞሪ ብቻ እፈቅዳለሁ ብሎ ሲያስብ በተግባር 32 እጥፉ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። ወሰኑ ተጽፏል፤ ቆጠራው ግን ተሳስቷል። የተወሰደው እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ ነበር፤ በጣም ትንንሽ ፓኬቶች ከተቆራረጠው ሜሞሪ መውሰዳቸው ቀርቶ እንደ ድሮው በተራው ድልደላ እንዲስተናገዱ። ፍጥነት አንድ እርምጃ ቀነሰ፤ ሒሳቡ ግን እውነተኛ ሆነ። እኔ ይህን ማረሚያ ከብዙ ፍጥነት ጨማሪ ሥራዎች አስበልጬ አየዋለሁ። በ2023 ለእነዚህ ትንንሽ ቋቶች የራሳቸው መደብ ተሠራላቸውና ፍጥነቱም ተመለሰ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት እንደሚቻል ያሳየ ጥሩ ሥራ ነው።

ሌላው ጉዳይ ፓኬቱን የተቀበለው ኮርና የሚያነበው ፕሮግራም ያለበት ኮር መለያየታቸው ነው። በአንዱ ተደልድሎ በሌላው ሲፈታ ፈጣኑ መንገድ ይዘጋል። በ2022 በሊኑክስ 5.19 የገባው ማሻሻያ ፓኬቱን ወደ ተደለደለበት ኮር መልሶ እዚያ እንዲፈታ ያደርጋል። ለብዙ ኮር ሰርቨር ትልቅ ነገር ነው። አንድ ኮር ብቻ ላለው ራውተር ግን የሚጨምርለት የለም።

አሁን ወደ ትንሹ ማሽን እንውረድ። ሊኑክስ ለትንንሽ ማሽኖች የተጻፈ ስሎብ የሚባል ደልዳይ ነበረው። ቀርፋፋ ነው፤ ቦታ ግን አያባክንም። በ2023 በሊኑክስ 6.4 ከከርነሉ ወጣ። ምትኩ በ6.2 የገባው የስለብ ጥቃቅን ቅንብር ነው፤ ለእያንዳንዱ ኮር የሚከማቸውን ትቶ ቦታ ይቆጥባል። በ2024 ደግሞ የድሮው ስላብ በሊኑክስ 6.8 ተሰናበተና አንድ ደልዳይ ብቻ ቀረ። የከርነሉ ጠባቂዎች ምክንያት ተገቢ ነው፤ ሦስት ደልዳይ መጠበቅ ጉልበት ይጨርሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንድ ብቻ ሲቀር፣ ያም በትልልቅ ማሽኖች ፍላጎት ሲቀረጽ፣ ትንሹ ማሽን ድምፅ የሚኖረው አንድ ሰው ለክቶ ከተናገረለት ብቻ ነው።

አሰላ ይህን ክርክር በሌላ መልክ ታውቀዋለች። በ1967 በስዊድን እርዳታ እዚህ የተጀመረው ካዱ የተባለው የግብርና ልማት ፕሮግራም ሁሉን አቀፍ ነበር፤ ምርምር፣ ብድር፣ ማዳበሪያ፣ መንገድ፣ ግብይት። ይሁን እንጂ ያንን ያህል ወጪ በየአውራጃው መድገም አልተቻለም። በ1971 የተጀመረው አነስተኛ የጥቅል ፕሮግራም ከሁሉም ውስጥ በዝቅተኛ ወጪ ሊዳረስ የሚችለውን መርጦ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ወሰደ። ከከርነል ጋር ያለው ተመሳሳይነት በዝርዝሩ አይደለም፤ ሀብት ባለበት የተሠራውን ሀብት ወደሌለበት ሲያወርዱ የትኛው ክፍል እንደሚቀር አስቦ መምረጥ የራሱ ሙያ መሆኑ ላይ ነው።

ኦፕንደብሊዩአርቲ የሚባለው የራውተር ስርዓት ይህን ሙያ ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። 4 ሜጋባይት ፍላሽና 32 ሜጋባይት ራም ያላቸውን ራውተሮች የደገፈው የመጨረሻው እትም 19.07 ነው። በ2021 የወጣው 21.02 ቢያንስ 8 እና 64 ይጠይቃል። እንደ ቲፒ-ሊንክ ደብሊዩአር 841ኤን ያለው በርካሽነቱ የታወቀ ራውተር ብዙ እትሞቹ በአሮጌው መጠን የተሠሩ ናቸው። ስርዓቱ ለትንሽ ራም በሚሆን መልኩ ቋቶቻቸው የተቀነሱ የዋይፋይ ድራይቨሮችንም ያቀርባል። ፍጥነት ትንሽ ይቀንሳሉ፤ ራውተሩ ግን ሜሞሪ አልቆበት በሥራ መካከል ራሱን ዳግም አያስነሳም። ተመራማሪዎች ስለዚህ ሥራ እምብዛም አይጽፉም። እኛን ግን ከኔትማፕ ይልቅ የሚያስተምረን ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመስመሩን ፍጥነት ካነሳን ደግሞ የነገሩ ትልቁ ክፍል ይመጣል። 1500 ባይት የሆነ ፓኬት በ10 ጊጋቢት መስመር 1.2 ማይክሮሰከንድ ይወስዳል። በ2 ሜጋቢት መስመር 6 ሚሊሰከንድ ነው። የሊኑክስ የኔትወርክ ካርድ የቆየ ነባሪ የመላኪያ ወረፋ 1000 ፓኬት ነው። በፈጣኑ መስመር ይህ ወረፋ ሙሉ ቢሆን በ1.2 ሚሊሰከንድ ያልቃል። በ2 ሜጋቢት መስመር 6 ሰከንድ። በወረፋው መጨረሻ የቆመው ድምፅ ወይም መልእክት 6 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ያ ሁሉ ጊዜም እያንዳንዱ ፓኬት ከ2300 ባይት ያላነሰ እውነተኛ ክብደት ይዞ በራሙ ውስጥ ተቀምጧል። ጂም ጌቲስ ከ2010 ጀምሮ የቋት ማበጥ እያለ ለዓለም ያሳወቀው ችግር ይህ ነው። አንዱ ተጠቃሚ ቪዲዮ ሲጭን የሌላው ገጽ የሚቆመው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ሰው ‹‹ኔትወርክ የለም›› ይላል፤ መረጃው ግን አልጠፋም፣ ሜሞሪ ውስጥ ተሰልፎ ነው።

እዚህ ላይ ጊዜና ሜሞሪ መጣላታቸው ይቀራል። በዘገምተኛ መስመር ላይ ወረፋን ማሳጠር ሜሞሪንም መዘግየትንም አንድ ላይ ይቀንሳል። በትልቁ ማሽን ሁልጊዜ አንዱን ከፍለን ሌላውን እንገዛ ነበር፤ በትንሹ ማሽንና በቀጭኑ መስመር ግን ሁለቱን በአንድ ዋጋ እናገኛለን። ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን በ2012 ያቀረቡት ኮዴል ወረፋውን የሚለካው በፓኬት ብዛት አይደለም፤ ፓኬቱ በቆየበት ጊዜ ነው። መቆየቱ ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ ሆኖ ከዘለቀ መጣል ይጀምራል። ከፍትሐዊ አደላደል ጋር ተጣምሮ ኤፍኪው-ኮዴል በሚል ስም በዚያው ዓመት ወደ ሊኑክስ ገባ። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፤ በ2 ሜጋቢት መስመር አንድ ሙሉ ፓኬት ብቻውን 6 ሚሊሰከንድ ስለሚወስድ የ5 ሚሊሰከንዱ ግብ ሊደረስበት አይችልም። በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ግቡን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በነባሪው የተወ ሰው መስመሩን በከንቱ ያስርበዋል።

ኤፍኪው-ኮዴል ራሱ ትንሹን ማሽን የረሳበት ጊዜ ነበር። ነባሪ ወሰኑ 10240 ፓኬት ነው። ሁሉም ሙሉ መጠን ቢሆኑ ወደ 23 ሜጋባይት ይይዛሉ፤ 32 ሜጋባይት ባለው ራውተር ላይ ይህ ሞት ነው። በ2016 ዱማዜ ወሰኑ በፓኬት ብዛት ብቻ ሳይሆን በሜሞሪም እንዲቆጠር አደረገ። ከማሻሻያው ጋር የጻፈው ማብራሪያ በግልጽ የጠቀሰው ትንንሽ ራውተሮችን ነው። የከርነሉ ነባሪ 32 ሜጋባይት ሆነ፤ ኦፕንደብሊዩአርቲ ደግሞ ለራሱ ወደ 4 ሜጋባይት አወረደው። ቆጠራው በትሩሳይዝ ስለሆነ ከላይ ያልኩት የ2021 ማረሚያ ለዚህም ጠቃሚ ነበር፤ ክብደቱን የማያውቅ ቆጣሪ ወሰን ሊያስከብር አይችልም።

ከራውተሩም ያነሱ ማሽኖች አሉ። ከአሰላ በስተሰሜን ያለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በ1966 ተመሥርቶ የአገሪቱ የስንዴ ምርምር ዋና ቦታ ሆኗል። ነገ በስንዴው ማሳ መካከል እርጥበትና ሙቀት እየለኩ የሚልኩ ትንንሽ መሣሪያዎች ቢተከሉ በውስጣቸው ሊኑክስ ላይኖር ይችላል። እንዲህ ላሉ ማሽኖች በ2001 ገደማ የስዊድን የኮምፒዩተር ሳይንስ ተቋም ተመራማሪ አዳም ዱንክልስ የጻፈው ኤልደብሊዩአይፒ የተባለ የኔትወርክ ሶፍትዌር አለ። በጥቂት አሥር ኪሎባይት ራም ውስጥ ይኖራል። ቋቶቹ ከመጀመሪያው በቁጥር ተወስነው ይመደባሉ፤ ሲያልቁ ፓኬት ይጣላል እንጂ ሌላ አይፈለግም። ከኔትማፕ ጋር ያለው ዝምድና አስደናቂ ነው። በጣም ፈጣኑም በጣም ትንሹም ማሽን በሥራ ሰዓት ድልደላን ማስቀረትን መርጠዋል፤ አንዱ ጊዜ ስለሌለው፣ ሌላው ቦታ ስለሌለው።

በተግባር ሊደረግ ስለሚገባው ጥቂት ልበል። ኢንተርኔት ላይ የሚዘዋወሩ የማፍጠኛ ቅንብሮች የሶኬት ቋትን ወደ 16 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ አሳድጉ ይላሉ። የተጻፉት ረጅምና ፈጣን መስመር ላላቸው ሰርቨሮች ነው። በትንሽ ራም ላይ ማድረግ አይገባም፤ ከርነሉ ሲነሳ የቲሲፒ ግንኙነቶችን የሜሞሪ ወሰን ከማሽኑ ራም አስልቶ ያወጣል፤ መረጃ ሳይኖር መንካቱ ጉዳት ነው። በምትኩ መለካት ይቅደም። ስላብቶፕ የሚባለው ፕሮግራም የፓኬት መዝገቦቹ ስንት እንደሆኑና ምን ያህል ሜሞሪ እንደያዙ ያሳያል። ሶክስታት የሚባለው የከርነል ፋይል ቲሲፒ የያዘውን በገጽ ቆጥሮ ይናገራል። ኢትቱል የካርዱን የመቀበያ ቀለበት፣ ማለትም ከላይ ያየነውን የመቀበያ ወረፋ፣ ስፋት ያሳያል፤ ድራይቨሩ ከፈቀደም 1024ን ወደ 256 ያወርዳል። በዘገምተኛ መስመር ላይ ይህን ቀንሶ ማየት ምንም አያስከፍልም።

ለአርሲ ዩኒቨርሲቲና ለአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ተማሪዎች ከዚህ የሚወጣ የመመረቂያ ሥራ ይታየኛል። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። 64 ሜጋባይት ራም ያላቸው ሁለት ራውተሮች፣ በመካከላቸው ወደ 2፣ 5 እና 10 ሜጋቢት የሚገደብ መስመር፣ በአንድ ጫፍ ትልቅ ፋይል የሚጭን፣ በሌላው በየሰከንዱ የምላሽ ጊዜ የሚለካ ኮምፒዩተር። የቀለበቱን ስፋት፣ የኤፍኪው-ኮዴልን የሜሞሪ ወሰንና የ5 ሚሊሰከንዱን ግብ አንድ በአንድ መለወጥ፤ በእያንዳንዱ ነፃ የቀረውን ራም፣ የተጣለውን ፓኬትና የዘገየውን ጊዜ መመዝገብ። ስለብን በተራ ቅንብሩና በጥቃቅኑ ቅንብር አስተያይቶ ማየትም ይቻላል፤ ሁለተኛው በኔትወርክ ፍጥነት ላይ የሚያስከፍለው ምን ያህል እንደሆነ በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ቢለካ ስሎብ የሄደበትን ክፍተት ያሳያል። የ2016ቱ የሜሞሪ ወሰን ወደ ከርነሉ የገባው ትንንሽ ራውተሮችን በእጃቸው የያዙ ሰዎች ችግሩን ስላሳዩ ነበር፤ የ2 ሜጋቢቱንም ቁጥር ለማውጣት ከሁሉ የሚቀርበው በየቀኑ በ2 ሜጋቢት የሚሠራ ሰው ነው።